ስለ መሮጫው መሣሪያና ስለ ካሎሪ ቍጥሩ

በገበያ ቆማ ጤፍ የምትሸምት የቤት እመቤት ዐይኗን ከሚዛኑ ላይ አታነሣም። ሚዛኑ ከዜሮ መነሣቱን፣ የነጋዴውም እጅ ከሚዛኑ መራቁን ሳትመለከት ገንዘቧን ከመቀነቷ አትፈታም። ሚዛን ማዛባት ከባድ ኃጢአት መሆኑን ከልጅነታችን ጀምረን ስለ ተማርን፣ ጥንቃቄዋ የሚያስመሰግናት እንጂ የሚያስነቅፋት አይደለም። ነገር ግን ይህችው እመቤት፣ ወይም ባለቤቷ፣ ወይም ልጇ፣ ጂም ወደሚባለው የስፖርት ቤት ሄደው በመሮጫው መሣሪያ ላይ ግማሽ ሰዓት ከተራመዱ በኋላ፣ በመስኮቱ ላይ በብርሃን ተጽፎ የሚታየውን የካሎሪ ቍጥር «በምን ተለካ?» ብለው ሳይጠይቁ ይቀበሉታል። በዚያ ቍጥር ተማምነው ይበላሉ፤ በዚያው ቍጥር ራሳቸውን ያመሰግናሉ፤ ቍጥሩ ሲያንስም ራሳቸውን ይወቅሳሉ።

ስለዚህ በዚህ ወር በዓምዳችን የምንመረምረው ነገር ይህ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው የሚጽፈው ቍጥር ከወዴት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚታመን፣ በክርስቲያን ቤትም ውስጥ ለምን ጕዳይ ሊውል እንደሚገባና እንደማይገባ ነው። መልሱን አስቀድመን በአጭር ቃል እንናገር፤ መሣሪያው ይገምታል እንጂ አይመዝንም። ግምት፣ ግምት መሆኑ እየታወቀ ሲሠራበት ይጠቅማል፤ እንደ ሚዛን ሲታመን ግን ሰውን ያስታል።

በመጀመሪያ ካሎሪ ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ካሎሪ የሙቀት መስፈሪያ ነው። በምግብ መጠቅለያና በስፖርት መሣሪያ ላይ ካሎሪ ተብሎ የሚጻፈው፣ በሊቃውንት ዘንድ ኪሎ ካሎሪ የሚባለው ሲሆን፣ የአንድ ኪሎ ውኃ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ እንዲል የሚያስፈልገው የሙቀት መጠን ነው። እንግዲህ አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ እስከ 90 ዲግሪ እንዲሞቅ 70 ካሎሪ ያህል ወደ ውኃው መግባት አለበት ማለት ነው። ይህም 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሚያቃጥለው ጋር የሚቀራረብ ነው። ሰው ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ እንኳ በውስጡ የሚነድ እሳት አለ፤ ልቡ ይመታል፣ ይተነፍሳል፣ ገላው ይሞቃል።

ይህን ሙቀት ከሕያው አካል ላይ መለካት የተጀመረው ከ200 ዓመት በፊት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።) ፈረንሳዊው ሊቅ አንትዋን ላቭዋዝዬ ከባልንጀራው ከላፕላስ ጋር በ1780ዎቹ መጀመሪያ፣ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ ዙሪያውን በረዶ በተሞላ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ፣ ከሙቀቷ የተነሣ የቀለጠውን በረዶ መዘነ፤ ትንፋሿንም መርምሮ፣ መተንፈስ ማለት እንደ ሻማ መንደድ ያለ፣ ነገር ግን ዝግ ያለ መቃጠል መሆኑን አስረዳ። ከእርሱ በኋላ አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር በ1890ዎቹ በኮነቲከት በሚገኘው በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ፣ ሰው ገብቶ ለቀናት የሚቀመጥበት የተዘጋ ክፍል ከባልደረቦቹ ጋር ሠርቶ፣ ሰውዬው ሲበላ፣ ሲተኛና ሲሠራ ከሰውነቱ የሚወጣውን ሙቀትና ትንፋሽ ለካ። አንድ ግራም ስብ ወደ 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን ደግሞ ወደ 4 ካሎሪ ይሰጣል የሚለው፣ ዛሬም የምንሠራበት ሒሳብ የተገኘው ከእርሱ ሥራ ነው። በአሁኑ ዘመን ደግሞ በምርመራ ክፍል ያለ ባለሙያ፣ በሰውዬው አፍና አፍንጫ ላይ ጭንብል አጥልቆ የተጠቀመበትን ኦክስጅን ይለካል፤ ሰውነት አንድ ሊትር ኦክስጅን ሲጠቀም ወደ 5 ካሎሪ ያህል እንደሚያቃጥል ይታወቃልና።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ መለኪያው የተወሰደው ከዚያው ከሚለካው አካል ነው። በረዶው የቀለጠው በእንስሳይቱ ሙቀት ነው፤ በጭንብሉ ውስጥ ያለፈውም የዚያው ሰው ትንፋሽ ነው። ይህን ሚዛን ብለን ብንጠራው አንሳሳትም።

አሁን ወደ መሮጫው መሣሪያ እንምጣ። ትሬድሚል የሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ በእግር የሚረገጥ ወፍጮ ማለት ነው። በ1818 ዊልያም ኪዩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ያወጣው፣ እስረኞች ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እየረገጡ የሚያዞሩት ታላቅ መንኰራኵር ነበር፤ ብዙ እስረኞችም በእርሱ ሲቀጡ ኖረው፣ በ1898 ከወጣው የእስር ቤቶች ሕግ በኋላ እየቀረ ሄደ። ያን ጊዜ ሊቈጠር የሚችለው እስረኛው የወጣው የደረጃ ብዛት ነበር። የዛሬው መሣሪያ በእውነት የሚቈጥረውም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ተሽከርካሪው ምንጣፍ ምን ያህል እንደ ፈጠነ፣ ምን ያህል ሽቅብ እንደ ተነሣ፣ ስንት ደቂቃም እንደ ዞረ ያውቃል። ስለ ወጣበት ሰው ግን የሚያውቀው ሰውዬው ራሱ የነገረውን ክብደት፣ አንዳንዴም ዕድሜውን ብቻ ነው። ትንፋሹን አይለካም፤ ሙቀቱን አይዳስስም። የቀረውን ከቀመር ያወጣዋል።

ቀመሩ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንመልከት። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ለእርምጃና ለሩጫ ያወጣቸው የታወቁ ቀመሮች አሉ። በእነዚህ መሠረት 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ ሽቅብ በሌለበት፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 30 ደቂቃ ቢራመድ 124 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። ይህ ቍጥር ከንቱ ፈጠራ አይደለም፤ ሰዎች በጭንብል ተለክተው የተገኘ አማካይ ነው። ነገር ግን የአንድ ክፍል ተማሪዎች አማካይ ውጤት 60 ነው ቢባል፣ ከመካከላቸው 60 ያገኘ አንድ ልጅ እንኳ ላይኖር እንደሚችል ማንኛውም አስተማሪ ያውቃል። አማካይ ስለ ክፍሉ ይናገራል እንጂ ስለ አንዱ ልጅ አይመሰክርም። መሣሪያው ግን የክፍሉን አማካይ ወስዶ በአንዱ ልጅ የፈተና ወረቀት ላይ ይጽፈዋል።

ስሕተቱ የሚገባበት በር ብዙ ነው፤ ዋና ዋናዎቹን አራቱን እንቍጠር።

የመጀመሪያው ክብደት ነው። ክብደቱ ካልተነገረው፣ ብዙ መሣሪያ ወደ 70 ኪሎ የሚጠጋ ሰው እንደ ወጣበት አድርጎ ይቈጥራል። 55 ኪሎ የምትመዝን እመቤት ክብደቷን ሳትነግረው ያንኑ ግማሽ ሰዓት ብትራመድ፣ በቀመሩ መሠረት የሚገባት 98 ካሎሪ ያህል ሲሆን መሣሪያው 124 ይጽፍላታል። አንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ ክብደትን የሚጠይቀው በኪሎ ሳይሆን በፓውንድ ነው። አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነውና፣ 70 ኪሎ የሆነ ሰው 154 ብሎ በመጻፍ ፈንታ 70 ብሎ ቢጽፍ፣ መሣሪያው 32 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንደ ወጣበት ይቈጥራል።

ሁለተኛው የዕረፍቱ ሒሳብ ነው። አስቀድመን እንዳልነው ሰው ተቀምጦም ያቃጥላል፤ ቀመሩም ይህንኑ ጨምሮ ይጽፋል። ከ124ቱ ካሎሪ ውስጥ 37 ያህሉን ያ 70 ኪሎ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦም ቢሆን ያቃጥለው ነበር፤ በመራመዱ የተጨመረው 87 ብቻ ነው። ለዚያችም 55 ኪሎ ለሆነችው እመቤት በመራመዷ የተጨመረላት 69 ያህል ነው። በመስኮቱ ላይ ያነበበችው 124 መሆኑን ስናስታውስ፣ ከእውነተኛው ጭማሪ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ብቻ እንደ ቀረው እናያለን።

ሦስተኛው እጅ ነው። በምንጣፉ ግራና ቀኝ ያለውን መደገፊያ ይዞ የሚራመድ ሰው ከክብደቱ ከፊሉን ለብረቱ ስለሚሰጥ ድካሙ ይቀንሳል። መሣሪያው ግን መደገፉን አያውቅም፤ ያንኑ ፍጥነትና ያንኑ ሽቅብ ቈጥሮ ሙሉውን ይጽፍለታል። ሽቅቡን ከፍ አድርጎ በመደገፊያው ላይ የተንጠለጠለ ሰው ከሁሉ ይልቅ ይታለላል። (አረጋዊ ወይም ሚዛኑን የማይጠብቅ ሕመምተኛ ግን እንዳይወድቅ መደገፊያውን ይያዝ፤ ከቍጥር ይልቅ አጥንት ይበልጣልና።)

አራተኛው የልብ ምት ነው። አንዳንድ መሣሪያዎችና በእጅ የሚታሰሩ ሰዓቶች ካሎሪውን ከልብ ምት ያወጣሉ። ነገር ግን ልብ የሚፈጥነው በሥራ ብቻ አይደለም፤ በሙቀት፣ በፍርሃት፣ በቡናም ይፈጥናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናትና፣ ለበዓል ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የመጣ ዘመዳችን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በለመደው ፍጥነት ሲራመድ ልቡ ከወትሮው ይልቅ ይፈጥናል፤ ሰዓቱም ብዙ ያቃጠለ መስሎት ቍጥሩን ከፍ ያደርገዋል። በ2017 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው ነበር። ከሰባቱ ስድስቱ የልብ ምትን ከመቶ 5 በማይሞላ ስሕተት ለኩ። በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው ከመቶ 27፣ ከሁሉ የከፋው ከመቶ 93 ስቶ ተገኘ። እንግዲህ መሣሪያው የሚሰማውን በደንብ ይሰማል፤ ከሰማው ተነሥቶ የሚተረጕመውን ግን ይስታል።

መሣሪያዎቹም ሁሉ እኩል አይስቱም። ለእውነት የሚቀርበው፣ የእግርን ጕልበት በዋት የሚለካው በቦታው የቆመ ብስክሌት ነው። የሰው ሰውነት ካቃጠለው ውስጥ ከአምስት አንድ ወይም ከአራት አንድ ያህሉን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሰው 100 ዋት እየረገጠ አንድ ሰዓት ቢቆይ፣ ሥራው ራሱ 86 ካሎሪ ስለሚሆን፣ ያቃጠለው በጠቅላላው ከ340 እስከ 430 ድረስ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ጥቂት ባይሆንም መነሻው በእውነት የተለካ ሥራ ነው። እጅና እግር አብረው የሚወዛወዙበት ኤሊፕቲካል የተባለው መሣሪያ ግን፣ አሠራሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይና መንኰራኵሩ ራሱ እግርን ስለሚሸከም፣ ከእርሱ የሚወጣው ቍጥር በይበልጥ ሊጠረጠር ይገባዋል።

«ጥቂት ካሎሪ ቢበልጥ ቢያንስስ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ጕዳቱ የሚታየው ቍጥሩ ወደ ማዕድ ሲቀርብ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል ሲሆን፣ በአትዋተር ሒሳብ ወደ 120 ካሎሪ ይሰጣል። እንግዲህ መሣሪያው ለግማሽ ሰዓት እርምጃ የጻፈው ቍጥር ሁሉ በአንድ ማንኪያ ዘይት ውስጥ ያልቃል። የሽሮውና የምስሩ ወጥ የጾም ነው እየተባለ ዘይቱ በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ በሚጨመርበት ቤት፣ አባወራው «ዛሬ ደክሜአለሁና ይገባኛል» ብሎ አንድ ሳንቡሳ ሲጨምር፣ ያላገኘውን ደመወዝ አስቀድሞ እንደ በላ ሠራተኛ ይሆናል። በወሩ መጨረሻ ክብደቱ አለመቀነሱን ሲያይም ሰውነቱን ያማርራል፤ ስፖርቱንም ይተዋል። ስሕተቱ ግን ከሰውነቱ አልነበረም፤ ከሒሳቡ ነበረ እንጂ።

ሁለተኛው ጕዳት ከዚህ የከፋ ነው። አንዳንድ ወጣቶች፣ ይልቁንም ገና በማደግ ላይ ያሉ ልጆች፣ ይህን ቍጥር እንደ ዕዳ መዝገብ ይይዙታል። የተበላው ሁሉ እስኪከፈል ድረስ ከመሣሪያው አይወርዱም፤ ታመውም፣ ቈስለውም፣ ራሳቸውን አዙሮአቸውም ይራመዳሉ። ጾም ሲገባ ደግሞ ከማዕድ መራቃቸውን ማንም ስለማይጠይቃቸው፣ ሕመማቸው በጾም ጥላ ሥር ይሸሸጋል። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ምግብ ስትደብቅ፣ ያለ ማቋረጥ ስትመነምን፣ የወር አበባዋም ሲቋረጥ ብታዩ፣ «እንዴት ያለች ጿሚ ናት!» ብላችሁ አታመስግኑ፤ አትቈጡም። በፍቅር ቀርባችሁ አነጋግሯት፤ ሳትዘገዩም ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ የንስሐ አባታችሁም ይወቁት። ይህ ሕመም ነው፤ ሕይወትንም እስከ ማሳጣት ይደርሳል። በወንዶች ልጆችም ላይ ሲደርስ ይታያል። ቤተ ክርስቲያን ጾምን የሠራችው ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ እንጂ፣ ሥጋ በቍጥር ተሰልቶ እንዲጠፋ አይደለም፤ የታመመም ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ እንደ ዐቅሙ እንዲሆን ታዝዛለች።

ሦስተኛው ጕዳት የስኳር ሕመም ያለባቸውን ይመለከታል። እንቅስቃሴ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ይቀንሳል፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በባዶ ሆዱ ቢሮጥ ስኳሩ ከልክ በላይ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ምን ያህል እንደሚበላና ምን ያህል መድኃኒት እንደሚወስድ በመሮጫው መስኮት ቍጥር መወሰን የለበትም። ከገዛ ጣቱ ጠብታ ደም የሚወስደው የስኳር መለኪያ ስለ እርሱ ይናገራል፤ መሮጫው ግን ስለ አማካዩ ሰው ይናገራል። ሐኪሙም የሚያምነው የመጀመሪያውን ነው።

በዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ነገር አለ። በ2012 ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ፣ በታንዛንያ በአደንና ፍሬ በመልቀም የሚኖሩት የሐድዛ ሰዎች በየቀኑ የሚያቃጥሉትን ካሎሪ ለክተው አሳተሙ። ቀኑን በእግራቸው ሲጓዙ የሚውሉት ሐድዛዎች፣ የሰውነታቸው መጠን ታስቦ ሲነጻጸር፣ በአሜሪካና በአውሮጳ ከሚኖሩት ሰዎች ብዙ የሚለይ ካሎሪ አለማቃጠላቸው ታየ። ፖንትዘር ይህን ሲተረጕም፣ ሰውነት በአንድ በኩል ብዙ ሲያወጣ በሌላ በኩል ይቈጥባል ይላል። ሊቃውንት ምን ያህል እንደሚቈጥብ ገና ይከራከሩበታል፤ ነገር ግን ሰውነት የገባውንና የወጣውን ብቻ እንደሚያሰላ የሱቅ መዝገብ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ታዲያ መሣሪያውን እንተወው? አይደለም። እርምጃና ሩጫ ልብን ያጠነክራል፣ የደም ግፊትን ይቀንሳል፣ ስኳርን ያስተካክላል፣ እንቅልፍን ያጣፍጣል፤ ይህ ሁሉ ቍጥሩ ቢስትም አይቀርም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ምክር፣ ዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ምክሩ የተነገረው በካሎሪ ሳይሆን በደቂቃ መሆኑን እናስተውል፤ ደቂቃን ማንኛውም ሰዓት በትክክል ይለካልና። መካከለኛ መሆኑንም ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሰውዬው እየተራመደ ማውራት ይችላል፣ መዝሙር መዘመር ግን ትንፋሹ አይበቃውም። ከጥቂት ቃላት በላይ መናገር ካቃተው ብርቱ እንቅስቃሴ ላይ ነው። ይህ ፈተና ከገዛ ትንፋሹ የተወሰደ ስለሆነ፣ በዚህ በኩል ከመስኮቱ ቍጥር ይልቅ ለሚዛን ይቀርባል።

የካሎሪውን ቍጥር መጠቀም የሚወድም ሰው እንዲህ ያድርግ። ክብደቱን በትክክለኛው መስፈሪያ ይንገረው፤ መደገፊያውን ካላስፈለገው በቀር አይያዝ፤ ሁልጊዜም በአንዱ መሣሪያ ላይ ይሥራ። የዛሬውን ቍጥር ከትናንቱ ጋር ያነጻጽር እንጂ ከጎረቤቱ ቍጥር ጋር፣ ከዚያም ይልቅ ከምግቡ ጋር አያነጻጽር። የተዛባ ሚዛንም ቢሆን መዛባቱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ጭማሪንና ቅናሽን ማሳየቱ አይቀርም።

በየቤታችን ያለውን መቍጠሪያ እናስብ። ፍሬው 41ም ይሁን 64፣ ጸሎተኛው ዶቃውን የሚያሳልፈው እጁ እንዳይሰንፍ፣ አሳቡም እንዳይበተን ነው። ዶቃው ስንት ጊዜ እንደ ለመነ ያስታውሰዋል፤ ልመናው ምን ያህል እንደ ከበደ ግን አያውቅም። ቍጥሩን ይዞ በጎረቤቱ ላይ የሚመካም፣ ቍጥሩ ቢጐድልበት ተስፋ የሚቈርጥም፣ መቍጠሪያውን ለተሠራበት ነገር አላዋለውም። የመሮጫውን ቍጥርም በዚሁ ልክ እንያዘው፤ ነገ ተመልሰን እንድንራመድ ያትጋን፤ በማዕዳችንና በልጆቻችን ላይ ግን ዳኛ ሆኖ አይቀመጥ።

ጤናን ከሰላም ጋር ለየቤታችሁ ያድልልን።